«የለም» እና «አላየሁም» ይለያያሉ

ጀማሪ መምህር ከሚሠራቸው ስሕተቶች አንዱ የትምህርት ዕቅዱን ለራሱ ብቻ መጻፉ ነው። «ያለፈውን መከለስ፤ መልመጃውን ማሠራት» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። እሱማ ያውቀዋል። በማግስቱ ወባ ይዞት ቢቀርና ሌላ መምህር ተክቶት ቢገባስ? ምን ይከለሳል? የትኛው መልመጃ ይሠራል? ተተኪው ደብተሩን ቢያገላብጥ መልስ አያገኝም። ተማሪው ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ይህን ያነሣነው ስለ ትምህርት ዕቅድ ልንጽፍ ፈልገን አይደለም። ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ብቻ ይዞ የሚገባ አዲስ ተተኪ ስለ መጣ ነው፤ እሱም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ይባላል። ይህ ወኪል ለጥያቄ መልስ በመስጠት ብቻ አይወሰንም፤ መሣሪያ ተሰጥቶት ሥራ ይሠራል። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል የጋራ ደንብ ካወጣ ወዲህ ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ወኪሎች መሣሪያ ማቀበል ቀላል ሆኗል። ወኪሉ ስለ መሣሪያው በቅድሚያ የሚነገረው ስሙ፣ አብሮት የተጻፈው መግለጫና የሚቀበለው የመረጃ ዓይነት ነው። መግለጫው ጎደሎ ከሆነ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ የፍለጋ ሰርቨርን ጤና የሚመረምረውን መሣሪያ እንውሰድ። የፍለጋ ሰርቨር ማለት ከብዙ ሺህ መጻሕፍትና ጽሑፎች መካከል የተጠየቀውን ፈልጎ የሚያወጣ ኮምፒዩተር ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ በ2002 ዓ.ም. የወጣው ኢላስቲክሰርች ነው። ጤናውን ሲጠይቁት በሦስት ቀለም ይመልሳል። አረንጓዴ ማለት የተከማቸው መረጃ ዋናውም ቅጂውም በቦታው አለ ማለት ነው። ቢጫ ማለት ዋናው ሁሉ አለ፤ ቅጂው ግን አልተሟላም ማለት ነው። ቀይ ማለት ከዋናው ቢያንስ አንዱ ክፍል ሊገኝ አልቻለም ማለት ነው።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም እንጂ። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ምን ያያል? ሰርቨሩ ቅጂን ከዋናው ጋር በአንድ ቦታ አያስቀምጥም። ስለዚህ ቅጂ እንዲኖር ታዞ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ከሌለ ቀለሙ ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ፍለጋው ይሠራል፤ ያ ኮምፒዩተር ቢበላሽ ግን መተኪያ የለም። ይህ ተብራርቶ ካልተጻፈለት ወኪሉ በየማለዳው «ሰርቨሩ ታሟል» እያለ ይጮኻል፤ ሥልጣን ካገኘ ደግሞ ደህናውን ሰርቨር ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል።

የከፋው ቀዩ ነው። ቀይ ያሳየ ሰርቨር ዝም ላይል ይችላል፤ ከተረፈው ክፍል ያገኘውን ይሰጣል። እንበልና በአጋሮ የምታስተምር መምህርት ስለ ቡና በሽታ የተጻፈ ነገር እንዲፈልግላት ወኪሉን ትጠይቃለች። ጽሑፉ ያለው በጠፋው ክፍል ውስጥ ነው። ወኪሉም «እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም» ይላታል። ሊዋሻት ፈልጎ አይደለም፤ «የለም» እና «አላየሁም» የተለያዩ መሆናቸውን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እሷም አምናው ትተወዋለች፤ ተማሪዎቿም ሳያነቡት ይቀራሉ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የመግለጫው ጸሐፊ ነው እንላለን።

መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትዎርክ ሲቋረጥ ደግሞ ጭራሽ መልስ አይመጣም። ይህም ከቀይ የተለየ ነገር ነውና ለብቻው ይጻፍ።

የጅማ ልጅ የምንለውን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ቡና ደረጃ ሲወጣለት ጥሬው ታይቶ ብቻ አይለቀቅም። የፍሬው ጉድለት ይመረመራል፤ ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሲኒ ይቀመሳል። ጥሬው አምሮ ሲኒው የሚያሳፍር ቡና አለና። የሰርቨሩም ቀለም እንደ ጥሬው ፍተሻ ነው። አረንጓዴ ያለ ሰርቨር «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «ጸሀይ» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ላያወጣለት ይችላል። ሞክሼ ፊደላቱን እንዲያዛምድ ካልተደረገ ለእሱ ሁለት ቃላት ናቸው። «ጅማ» እና «ጂማ»ም እንዲሁ። በመሆኑም መግለጫው «ይህ መሣሪያ ክምችቱ በቦታው መኖሩን እንጂ የፍለጋውን ትክክለኛነት አይመረምርም» ብሎ በግልጽ ይናገር። ሲኒውን ለመቅመስም መኖሩ የታወቀ አንድ መጽሐፍ በሁለቱም አጻጻፍ ይፈለግ።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? መሣሪያው ምን ያያል፣ ምን አያይም? ማየት ብቻ ነው ወይስ የሚቀይረው ነገር አለ? እያንዳንዱ ቀለም በዚህ ሰርቨር ላይ ምን ማለት ነው? መልስ ቢዘገይ ስንት ሴኮንድ ይጠበቃል? ወኪሉ ለጠያቂው ምን ይበል፣ ማንን ይጥራ፣ ሳይፈቀድለት ምን አይንካ? ይኸው ነው። ማንዛዛት ግን አይጠቅምም፤ ረጅም መግለጫ ዋናውን ቁም ነገር ይቀብረዋል።

«ይህ እኮ የኢንጂነሮች ሥራ ነው፤ መምህርን ምን አገባው?» የሚሉን አሉ። መሣሪያውን የሚሠሩት እነሱ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን የሠራው ሰው አብዝቶ ስለሚያውቀው አንባቢው የት ላይ እንደሚደናቀፍ አይታየውም። የማያውቅ ሰው ምን እንደማያውቅ ማወቅ የእኛ ሙያ ነው፤ የምንሠለጥነውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገባ «መግለጫውን እናንብበው፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቃላትም እንሞክረው» ማለት ይገባናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። መግለጫውን ስለ ሰርቨር ምንም ለማያውቅ አንድ ጓደኛችን እናስነብበውና «ቀይ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብለን እንጠይቀው። ከተደናገረ የወደቀው እሱ አይደለም፤ ጽሑፉ ነው። ደጋግመን እናርመው። ያን ጊዜ የአጋሮዋ መምህርት «የለም» ተብላ አትሸኝም። «አሁን ሁሉንም ማየት አልቻልኩም፤ ሰርቨሩ ሲስተካከል እንደገና ልፈልግልዎት» ትባላለች። እውነተኛው መልስ ይህ ነው።