የአገር ስም የነጋዴ ሀብት ነው

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የወጣበት አገር ስምም ከሀብቱ ይቈጠራል። ጉደር ሲባል ወንዙንና ከተማውን ያላየ ሰው እንኳ የወይን ጠጁ ትዝ ይለዋል፤ ዳሽን ሲባልም ከተራራችን ጋራ የጎንደር ቢራ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ስም እንዴት እንደሚለማና እንዴት እንደሚጐዳ ለመረዳት በጀርመን አገር የምትገኘውን የፒስፖርትን ነገር መመልከት ይጠቅማል።

ፒስፖርት የሞዜል ወንዝ ተጠምዝዞ በሚያልፍበት ሸለቆ ያለች ትንሽ የወይን ከተማ ናት። ቁልቁለቷ ገደል መሳይ ነው፤ በመሬቱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይም ቀን የተቀበለውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል። «ጎልድትሮፕፍሸን»፣ ይኸውም «የወርቅ ጠብታ»፣ ከተባለው ከዚህ ቁልቁለት የሚገኘው የሪስሊንግ ወይን ጠጅ ከተማይቱን በዓለም አስጠራት።

ነገር ግን በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን የወይን ጠጅ ሕግ ሰፊ አካባቢ በአንዲት ከተማ ስም እንዲሸጥ ፈቀደ። በአጎራባች መንደሮች ሜዳ ላይ ከሌላ የወይን ዘር የተገኘው ርካሽ ጠጅም «ፒስፖርተር ሚሸልስበርግ» ተብሎ በውጭ አገር ገበያ በብዛት ተሸጠ። ሕግ አልተጣሰም፤ ሆኖም ገዢው የከተማይቱን ስም ከርካሽ ጠጅ ጋራ አንድ አድርጎ ያዘው። ጉዳቱም በቁልቁለቱ ላይ በሚደክመው ገበሬ ላይ ወደቀ።

ወይን ለደጋችን አይስማማ ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን ይስማማናል። የሰሜን ተራሮች ስም ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። ከሌላ ስፍራ የመጣውን ማር ቀላቅሎ «የሰሜን ማር» እያለ የሚሸጥ ሰው ቢኖር የዛሬውን ትርፍ እርሱ ያገኛል፤ ዕዳውን ግን ጎረቤቱ ባለሱቅ ይከፍለዋል።

በስም መነገድ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ መንግሥታችን የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. አመልክቶ፣ ከክርክር በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ መስማማቱን ያስታውስ። የዚያ ስም ባለቤት በመጀመሪያ ገበሬው ነበር።

ስለዚህ የደባርቅና የዳባት ነጋዴዎች በገብሱ፣ በባቄላውና በማሩ ዕቃ ላይ የቦታውን ስምና የምርቱን ዘመን ይጻፉ፤ የተቀላቀለውን ቅልቅል ይበሉት፤ በማኅበር ሆነውም ስሙን በሕግ ያስመዝግቡ። የጀርመን ሕግ የቦታን ስም አጥብቆ ለመለየት የተሻሻለው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ፒስፖርት 50 ዓመት ጠብቃለች፤ እኛ ያን ያህል የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።