ሰማያዊዋን ወፍ ፍለጋ

መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ የክረምቱ ድፍርስ ውኃም ቀስ በቀስ ይረጋል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በዚያው ሰሞን የሳይንስ ደብተሯ ላይ ዓሣ የምታጠምደውን ትንሽ ሰማያዊ ወፍ ሣለች። ከሥዕሉ ሥር ያለውን መስመር ግን ባዶ ተወችው። «ያየሁበትን ቦታ ጻፉ ተብለናል፤ ሳላይ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፣ እማዬ» አለችኝ። ምን ይባላል? ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሦስት ሆነን ሐዋሳ ወረድን።

እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ነበርን። መጀመሪያ ያገኘነው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ዘመዷን ነው። እሱን ለማየት ብዙ አያደክምም። ከውኃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆምና ድንገት ቁልቁል ይወረወራል። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለ ወንድ ነው፤ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐል ላይ የተቆረጠ ከሆነ ሴት ናት። ልጄ ግን «የእኔዋ ይቺ አይደለችም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ልጄ መቁነጥነጥ፣ እኔም ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። ወንዝ ዳር ያደገችው እናቴ ሣቀችብን። «ወፏን አትፈልጉ፤ መቀመጫዋን ፈልጉ። ረጋ ያለ ውኃ ላይ ያጎነበሰ ቄጠማ ወይም ቅርንጫፍ ካያችሁ እሱ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ» አለች።

እውነቷን ነው። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ቄጠማ ወዝወዝ አለ። ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍ፤ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካንማ፣ መንቆሯ ቀይ። ውኃው ውስጥ ጠልቃ ትንሽ ዓሣ ይዛ ወጣች፤ ቄጠማው ላይ ደጋግማ አጋጨችውና በጭንቅላቱ በኩል ዋጠችው። ክንፉና ቅርፊቱ ጉሮሮዋን እንዳይቧጥጣት እኮ ነው። ልጄ እጄን ጨብጣ ትንፋሿን ዋጠች።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጥያቄው መጣ። «እኛ ሰፈር ወንዝ ላይ ለምን የለችም?»

እኔ ሳልመልስ እናቴ ቀደመችኝ። «ነበረች እንጂ! ተድሬ እዚያ ሰፈር ስመጣ ልብስ የማጥበው ወንዙ ላይ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።»

ዝም አልኩ። ያ ወንዝ ለእኔ ሽታው እንዳይገባ መስኮት የምዘጋበት ነገር ብቻ ነው። ወፏ ዓሣዋን የምታድነው በዓይኗ ነው፤ ውኃው ከደፈረሰ አይታያትም። ቆሻሻ ከበዛበት ደግሞ ዓሣውም አይኖርም። ጎጆዋን የምትሠራው የወንዝ ዳር አፈር ቆፍራ ነው፤ ዳር ዳሩ በሲሚንቶ ከተገነባ የምትቆፍረው አታገኝም። በማን ላይ እንደምፈርድ አላውቅም፤ የጓሯችን ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅማ።

እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሐዋሳ ከራቃችሁ ዝዋይ ሐይቅ አለላችሁ። ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂዱ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ልጆችን ከውኃው ጠርዝ አርቁ። የወንዝ ዳር አፈር ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ጎጆ ሊሆን ይችላልና አትጠጉት። ከሁሉ በላይ ግን አያቶችን ይዛችሁ ሂዱ።

ማታ ደብተሯን ገልጬ አየሁ። ባዶው መስመር ሞልቷል፤ «እኔ ሐዋሳ አይቻታለሁ። አያቴ ሰፈራችን።»