ጨዋታው ራሱ ትምህርት ይሁና!

"ጌም" የሚለው ቃል ብዙ እናቶችን ፊት ያስጠቁራል። አይፈረድባቸውም! ልጅ ለዳቦ የተሰጠውን ብር ይዞ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲገባ፣ ደብተሩ ሳይገለጥ ሲመሽ፣ ማን ደስ ይለዋል? ስለዚህ "በጌም እናስተምር" የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ "ጨዋታና ትምህርት ምን አገናኛቸው?" የሚል ነው።

እኔ ደግሞ "መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?" እላለሁ።

እንቆቅልሽን ተመልከቱ። ተራ አለው፣ አሸናፊና ተሸናፊ አለው። መልሱ የጠፋበት ልጅ "ሀገር ስጠኝ" ይባላል፤ እሱም የሚያውቃቸውን አገሮች አንድ በአንድ እየጠራ ያቀርባል። ጂኦግራፊ ማለት ይኼው አይደል? ገበጣስ? ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያላሰላ ይበላል። መምህር የለ፣ አርጩሜ የለ፤ ሒሳቡ ያለው ጨዋታው ውስጥ ነው።

የዛሬዎቹ ብዙ "የትምህርት ጌሞች" የሳቱት ይህንን ነው። "3 ሲደመር 4 ስንት ነው?" ይላሉ፤ ልጁ ከመለሰ ፊኛ ይፈነዳል፣ ጭብጨባ ይሰማል። ጎበዝ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም። የበዓል ልብስ የለበሰ ፈተና ነው! ልጅ ደግሞ ፈተናን በሽታው ያውቀዋል፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ኳስ ጌሙ ይመለሳል።

ጥሩ ምሳሌ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የተሠራውን "ኦሪገን ትሬይል" ውሰዱ። ዶን ራዊች የሚባል የማስተማር ልምምድ ላይ የነበረ ወጣት ለታሪክ ክፍለ ጊዜው ብሎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሠራው ነው። ተማሪው ወደ ምዕራብ የሚሰደድ ቤተሰብ ይመራል፤ ስንቅ ይገዛል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ በሽታ ይገጥመዋል። ዓመተ ምሕረት አይጠየቅም። ግን ስንቁን አሳስቶ ከገዛ ይራባል። የዚያን ዘመን ችግር የሚገባው ችግሩን ራሱ ሲወስንበት ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌ የምትባል ከተማ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚህ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ሁላችንም "አንቀጽ 17" እያልን ሸምድደናል። ግን ስንቶቻችን ነን አንዲት ግሥ ምን ያህል እንደምትከብድ የተሰማን?

እስቲ ጌም አድርጋችሁ አስቡት። ተጫዋቹ አስተርጓሚ ነው። ሁለት ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል። በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል ማድረግ "ይችላሉ"፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ሆኗል። ተጫዋቹ ልዩነቱን ሳያይ ካለፈ ዓመቱ ይሮጣል። 1882 ዓ.ም. ይመጣል፤ ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ያስታውቃሉ፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልስ "ጉዳይዎ በጣሊያን በኩል ይምጣ" የሚል ሆኖ ይደርሳል። ያን ጊዜ ልጁ ይደነግጣል! ተመልሶ ሁለቱን ወረቀቶች ያስተያያል። ዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከሰማይ የወደቀ ቀን እንዳልሆነ የሚገባው ያኔ ነው። ታሪክም፣ ሰዋስውም፣ የሚፈርሙትን አንብቦ መፈረምም በአንድ ጌም!

ማንበብ ለማይችለው ሕፃንም አምባሰል ሌላ ስጦታ አላት፤ በስሟ የሚጠራ ቅኝት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሠሩ ናቸው። ድምፅ ሰምቶ ቅኝቱን የሚለይ፣ የጎደለችውን አምስተኛ ድምፅ ፈልጎ የሚያስገባ ጌም ፊደል አያስፈልገውም፤ ጆሮ ብቻ ይበቃዋል።

"ማን ይሠራዋል?" ለምትሉ፣ የተጀመረ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ"ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ሞባይል አምጥቷል። "ስክራች" የሚባለው ነፃ መሣሪያ ደግሞ ኮድ የማያውቅ ሰው ትእዛዞችን እየጎተተ ጌም የሚሠራበት ነው፤ በአማርኛ ይከፈታል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ደሴ የመምህራን ኮሌጅ አለ። የሶፍትዌር ተመራቂውና ዕጩ መምህሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ከመደርደሪያ የማይወርደው የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐይቅ ላለ ተማሪ ይደርሰው ነበር።

ይዘቱን እኛ ካልሠራነው ምን ይሆናል? በ2004 ዓ.ም. የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ወዲያው ከፈቱት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዘምሩ እንደነበር የተነገረው ግን ኤ ቢ ሲ ዲን ነው። ሀ ሁን አይደለም። ልጆቻችን መሣሪያውን ይችሉታል። የሚማሩት ግን ውስጡ የተጫነውን ነው።

ይኼ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ያስታውስ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ይህን አካባቢ አዳርሶታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በግጭቱ ከትምህርት የራቁት ልጆች ቁጥርም በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኗል። ጌም ትምህርት ቤትን አይተካም፤ እንዲተካም አልፈልግም። ነገር ግን ክፍሉ በተዘጋ ቀን ልጅቷ እጅ የሚገባው የእናቷ ስልክ ከሆነ፣ እዚያ ስልክ ላይ ምን እንዳለ የእኛ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚሠራው ጌም በርካሽ ስልክ የሚከፈት፣ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ፣ ኔትወርክ የማይጠይቅ ይሁን።

አያቶቻችን ያለ መብራት፣ ያለ ስክሪን የሚያስተምር ጨዋታ ፈጥረዋል። እኛ ስልኩም፣ ዲግሪውም፣ ነፃ መሣሪያውም አለን። ታዲያ ምን ጎደለን? እንቆቅልሽ! መልስ ካጣችሁ ሀገር ስጡኝ።