የጀማሪ በግ አርቢ የመጀመሪያ ዓመት በምን ይለካ?

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ፣ በግ ማርባት መሬት ለሌለው ወጣት ካሉት ጥቂት የገቢ አማራጮች አንዱ ነው። የመንዝ በግ ብርዱንና የግጦሽ እጥረቱን የለመደ ዝርያ ነው። ይሁን እንጂ በጉ አካባቢውን መልመዱ አርቢው ሥራውን ያውቃል ማለት አይደለም። ጀማሪዎችን የሚደግፍ መርሐ ግብር ስኬቱን በተከፋፈሉት በጎች ብዛት ብቻ ሲለካ ይህን ልዩነት ይስታል። የመጀመሪያው ዓመት ትክክለኛ መለኪያ በሕይወት ቆይተው ጡት የጣሉት ግልገሎች ቁጥር ሊሆን ይገባል።

አንደኛው ምክንያት የግልገል ሞት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው ደጋ የሌሊቱ ብርድ አዲስ የተወለደውን ግልገል ሊገድል ይችላል፤ እንገር በጊዜው ያልጠባም በሽታ የመከላከል አቅም አያገኝም። የትኛዋ እናት ግልገሏን እንደምትገፋ፣ የትኛዋ መንታ ወልዳ ወተት እንዳነሳት የሚታወቀው በቅርብ በመከታተል ነው። አምስት እናት በጎች ያሉት ጀማሪ ይህን ማየት ይችላል። ሃያ የተረከበው ግን ችግሩን የሚያውቀው ግልገሉን በማለዳ ጉሮኖ ውስጥ ሞቶ ሲያገኘው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ይወስዳል። በኅዳር የጸነሰች በግ በሚያዝያ ትወልዳለች፤ ግልገሏ በሐምሌ ገደማ ጡት ይጥላል፤ ለገበያ እስኪደርስ ደግሞ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጉታል። የብድሩ ክፍያ በዓመቱ ውስጥ ከተጠየቀ ጀማሪው ወይ እናቲቱን ወይ ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ይሸጣል። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ግን ለአውራነት መቅረት የነበረበት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ የተካሄደው ማኅበረሰብ ተኮር የዝርያ ማሻሻያ፣ አርቢዎች ምርጥ ጠቦቶችን በጋራ መርጠው እንዲያቆዩ ያደረገው ይህንኑ ጉዳት ለመግታት ነው። ዕዳ የተጫነው ጀማሪ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

አምስት በግ ቤተሰብ አይቀልብም፣ ለበዓል ገበያ ማድለብ ግን በጥቂት ወራት ገንዘብ ይመልሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ማድለብ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ሊደጉም ይችላል። ሆኖም የሚያስተምረው መቀለብን፣ መግዛትንና መሸጥን እንጂ ማዋለድንና ግልገል ማሳደግን አይደለም።

ስለዚህ ጀማሪው በጥቂት እናት በጎች ይጀምር፤ በጎቹም ከመከፋፈላቸው በፊት የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ያግኙ፤ ክፍያው የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ለገበያ ከደረሱ በኋላ ይጀመር፤ ልምድ ያላቸው የአካባቢው አርቢዎችም በወሊድ ወቅት ከጎኑ እንዲሆኑ ይመደቡ። በመስኩ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም የበጎቹን ቁጥር ከመመዝገብ አልፈው እያንዳንዱ ግልገል በስንተኛው ቀንና በምን ምክንያት እንደሞተ ይመዝግቡ። የጀማሪው የዕውቀት ክፍተት የት እንዳለ የሚታየው በዚያ መዝገብ ውስጥ ነው።