ቤትና መንገድ በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ስለ ሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ስንነጋገር ከአዲሱ ፎቅ ሳይሆን ከጥንቱ ፋብሪካ እንጀምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመው ይወቁልን።

እንግሊዝ አገር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሎንዶንን ብቻ ነው። ነገር ግን የፋብሪካን ዘመን ለዓለም ካስተዋወቁት ዋነኞቹ በሰሜን ያሉት ከተሞች ናቸው። ማንቸስተር ጥጥ ትፈትልና ትነግድ ነበር፤ ሊድስ የሱፍ ጨርቅ ትሠራ ነበር፤ ሼፊልድ በብረትና በቢላዋ ትታወቅ ነበር፤ ኒውካስል ከሰል ትጭንና መርከብ ትሠራ ነበር፤ ሊቨርፑል ደግሞ የሁሉም በር፥ ትልቁ ወደብ ነበረች። በእንፋሎት ባቡር ሁለት ታላላቅ ከተሞችን ያገናኘው የመጀመሪያው ሐዲድም በ1830 ዓ.ም. የተከፈተው በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል ነው። እንግዲህ እንዲህ የተጎራበቱና አንድ ዓይነት ታሪክ ያላቸው ከተሞች ዕድላቸውም አንድ ይሆናል ብለው ይገምቱ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በመጀመሪያ የሕዝቡን ቁጥር እንመልከት። በ1931 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከ800 ሺህ በላይ፥ ማንቸስተር ከ750 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የመርከብ ጭነት በትልልቅ የብረት ሣጥን መጓዝ ሲጀምር የወደብ ሠራተኛ ቁጥር አነሰ፤ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ሲፈርሱም ነዋሪው ከከተማ ውጭ ወደ ተሠሩ አዳዲስ መንደሮች ተወሰደ። በ2001 ዓ.ም. ሊቨርፑል 440 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ቀርቷት ነበር። በ2021 ዓ.ም. ቈጠራ 486 ሺህ ደርሳለች። ማንቸስተር ግን በዚያው ቈጠራ 552 ሺህ ያህል ሆና ተገኝታለች። ሁለቱም አገግመዋል፤ ማንቸስተር ግን ቀድማ ሄደች።

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያገላብጡ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚያው ቈጠራ ሊድስ 812 ሺህ ሕዝብ አላት። ታዲያ ከማንቸስተር ትበልጣለችን? አትበልጥም። የሊድስ ወሰን በ1974 ዓ.ም. ሲሰፋ በዙሪያዋ ያሉ ትንንሽ ከተሞችንና የእርሻ መሬትን ሁሉ ጠቅልሏል። የማንቸስተር ወሰን ግን ጠባብ ነው፤ ከመካከለኛው ገበያ ተነሥቶ አንድ ወንዝ የተሻገረ ሰው ሳልፎርድ በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ዙሪያዋን ጨምረው ቢቈጥሩ ታላቋ ማንቸስተር ከ2 ሚሊዮን ከ800 ሺህ ሰው በላይ አላት። ስለዚህ ቁጥር ሲቀርብልዎ አስቀድመው ወሰኑን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። በሊድስ ሦስት ግድግዳውን ከጎረቤት የሚጋራ፥ በርና መስኮቱ በፊት ለፊት ብቻ የሆነ የሠራተኛ ቤት በብዛት ይሠራ ነበር። አየር አያሳልፍም ተብሎ በ1909 ዓ.ም. በሕግ ቢከለከልም ሊድስ እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ መሥራቷን አልተወችም። ዛሬም በሺህ የሚቈጠሩት ሰው ይኖርባቸዋል።

በማንቸስተር፥ ሂዩም በሚባለው ሰፈር፥ የቆዩት ቤቶች ፈርሰው በ1972 ዓ.ም. እንደ ጨረቃ የጎበጡ ረጃጅም የሲሚንቶ ሕንጻዎች ተሠሩ። ነገር ግን እርጥበትና ብርድ፥ ተባይም አስቸገረ፤ ልጆች ላሏቸው ቤተ ሰቦችም የማይመቹ ሆኑ። በ1990ዎቹ ዓመታት ፈረሱ። ሃያ ዓመት ብቻ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

በሼፊልድ ግን በ1961 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ሂል የተባለው ግዙፍ ሕንጻ፥ በየፎቁ እንደ መንገድ ሰፊ መተላለፊያ ያለው፥ በ1998 ዓ.ም. በቅርስነት ስለ ተመዘገበ ከመፍረስ ዳነ። ታድሶም ያማረ ሆኗል። ይሁን እንጂ ድሮ የማዘጋጃ ቤት ተከራይ ብቻ ይኖርበት የነበረው ቤት ዛሬ በከፊል ገንዘብ ላለው ገዢ የሚሸጥ ሆኗል። በኒውካስል ደግሞ ራልፍ ኧርስኪን የተባለው አርክቴክት የባይከርን ሰፈር ሲሠራ ቢሮውን እዚያው ሰፈር ውስጥ ከፍቶ ከነዋሪው ጋር ይመክር ነበር። ሰፈሩ ዛሬም ይመሰገናል፤ ግን ሥራው ሲጓተት ከነባሮቹ ብዙዎቹ አስቀድመው ተበትነው ነበር።

ሦስተኛው ነገር መጓጓዣ ነው። አምስቱም ከተሞች በትራም ይመላለሱ ነበር፤ አምስቱም ትራሙን ነቀሉት፤ ማንቸስተር በ1949፥ ኒውካስል በ1950፥ ሊቨርፑል በ1957፥ ሊድስ በ1959፥ ሼፊልድ በ1960 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ሊቨርፑል በ1977 ዓ.ም. የቆዩ የባቡር መሥመሮቿን ከከተማው በታች አገናኘች። ኒውካስል በ1980 ዓ.ም. ሜትሮ ከፈተች። ማንቸስተር በ1992፥ ሼፊልድ በ1994 ዓ.ም. ትራምን መልሰው አስገቡ። ሊድስ ግን በ2001 ዓ.ም. ከመንግሥት የተፈቀደላት ትራም ወጪው በዛ ተብሎ በ2005 ዓ.ም. ተሰረዘባት፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ እንኳ ብትጠይቅ በ2016 ዓ.ም. ተከለከለች።

የአውቶቡሱም ታሪክ ያስተምራል። በሼፊልድና በአካባቢዋ ከ1975 እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ የአውቶቡስ ዋጋ ሳይጨመር በርካሽ ቆይቶ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ከሎንዶን በቀር አውቶቡስ ሁሉ ለነጋዴዎች ውድድር ሲለቀቅ ዋጋው ናረ፥ ተሳፋሪውም ሸሸ። ማንቸስተር ግን ከ2023 ዓ.ም. ጀምራ አውቶቡሶቿን መልሳ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር አስገባች፤ በጥር 2025 ዓ.ም. ሥራው ተፈጸመ። ዛሬ ቢጫዎቹ አውቶቡሶች መሥመራቸውንና ዋጋቸውን የሚወስንላቸው ባለ ሥልጣን አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል ይሉ ይሆናል። ትምህርቱን ጨርሶ በትንሽ ደመወዝ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት ጸሐፊ ያስቡ። በማንቸስተር ሥራ ያገኛል፥ ትራምም አለለት፤ ነገር ግን ከተማው ስላደገ የመካከለኛው ሰፈር ኪራይ ኪሱን ያራቁተዋል። በሊድስም ሥራ አለ፤ ዳር ሰፈር ተከራይቶ ግን በየጠዋቱ አውቶቡሱ ከመኪና ጋር ተፋፍጎ ያረፍድበታል። በሊቨርፑል ቤቱ ይረክስለታል፥ የምድር ውስጥ ባቡርም አለው፤ የሚመኘውን ሥራ ለማግኘት ግን ይቸገራል። ሥራ፥ ቤትና መንገድ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቆምም።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚባለው ገንዘቡን ማን እንደሚፈቅድ ነው። የሊድስ ትራም የተሰረዘው በሊድስ ሰዎች ፈቃድ አይደለም፤ በሎንዶን ነው። በጥቅምት 2023 ዓ.ም. ከሎንዶን ወደ ማንቸስተር ሊዘረጋ የታሰበው የፈጣን ባቡር ክፍል መቅረቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተናገሩት፥ የሚገርመው፥ ማንቸስተር ላይ ቆመው ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ወደፊት የአንድ ከተማ ረጅም ፎቅ በሥዕል ሲያዩ ቁመቱን አድንቀው ብቻ አይለፉ። ማን ይኖርበታል? ኪራዩ ስንት ነው? በጠዋት ሥራ የሚገባው በምን ነው? ብለው ይጠይቁ። የከተማ እድገት እውነተኛ ልኩ ያለው በነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ነው። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።