የሕግ ቤተ መጻሕፍትና የሚጠፉ ማጣቀሻዎች

በሕግ ሙያ ማጣቀሻ ጌጥ አይደለም። ዳኛው የትኛውን አንቀጽ ወይም የትኛውን ቀደምት ፍርድ እንደተከተለ በውሳኔው ያመለክታል፤ ተከራካሪውም ያንኑ ገልጦና አንብቦ ይግባኝ ይላል። ማጣቀሻው የሚያደርሰው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን ክርክሩ መሠረቱን ያጣል። የሕግ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ዘመን የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነው፤ እኛም የሳይንስ ሰዎች ከደጅ ቆመን ብቻ የምንመለከተው ጉዳይ አይመስለንም።

ጆናታን ዚትሬይን፣ ኬንድራ አልበርትና ሎረንስ ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ከተጠቀሱት የድረ ገጽ አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያ የተጠቀሰውን መረጃ እንደማያሳዩ አረጋግጠዋል። በመረመሯቸው የሕግ መጽሔቶችም ቁጥሩ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። የሐርቫርድ የሕግ ቤተ መጻሕፍት መልስ በ2013 የተጀመረው «ፐርማ» የተሰኘ አገልግሎት ነው። ጸሐፊው የሚጠቅሰውን ገጽ አድራሻ ይሰጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የገጹን ቅጂ ወስዶ ያኖርና የማይለወጥ አድራሻ ይመልስለታል። ሥራው የጥንቱ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው፤ የተለወጠው መደርደሪያው ብቻ ነው።

ይኸው ተቋም ከ2013 እስከ 2018 ድረስ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችን የታተሙ ውሳኔዎች ሰብስቦ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ገጾችን በስካነር አንስቷል። ለፍጥነት ሲባል የጥራዞቹ ጀርባ በመቁረጫ ተቆርጦ ቅጠሎቹ ተለያዩ። መጽሐፍ ወዳድ ሰው ይህን ሲሰማ ይሰቀጥጠው ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ግን ድፍረቱ ተገቢ ነበር። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው፦ ለሥራው ገንዘብ ከሰጠው ኩባንያ ጋር በተደረገው ስምምነት ምክንያት የአብዛኞቹ ውሳኔዎች ሙሉ ስብስብ ያለገደብ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2024 ነው። የሕዝብ ሕግ በውል ታስሮ መቆየት አልነበረበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ሲያውጅ ኖሯል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። እንግዲህ አስገዳጅ የሆነውን ውሳኔ ፈልጎ ማግኘት የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ያላገኘው ወገን ሊረታ ይችላል። ገጾችን ፎቶግራፍ አንስቶ በኮምፒውተር ማኖር ግን ለዚህ አይበቃም፤ ለማሽኑ ሥዕል ሥዕል ነው እንጂ ቃል አይደለም።

ሥዕሉን ወደ ፊደል ስንለውጥ ደግሞ «ኘ» እና «ፕ» ይምታታሉ። ጽሑፉ በትክክል ቢለቀም እንኳ «ዐቃቤ ሕግ»፣ «ዓቃቤ ሕግ» እና «አቃቤ ህግ» ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። «ውል» ብሎ የሚፈልግ ጠበቃ «በውሉ»፣ «የውሉን»፣ «ከውሎች» የሚሉትንም ማግኘት ይሻል። ሞክሼ ፊደላትን አቻ አድርጎ የሚቆጥር፣ ቃልንም ከነቅጥያው የሚፈታ የፍለጋ ፕሮግራም መሥራት የሕግ ባለሙያ ሥራ አይደለም፤ የኮምፒውተር ሳይንስና የሥነ ልሳን ሥራ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎቻችን በቅርባቸው ወዳለ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብለው አንድ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ቢዋሱ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሥራ አያጡም።