የኢንካሶ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም

በኦስሎ አነስተኛ ንግድ የከፈቱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዕቃቸውን በኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት በኩል ይሸጣሉ፡፡ ደንበኛው «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ገንዘቡን ሲያስመልስ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ሻጩ ያዞራል፤ ካልተከፈለውም ጉዳዩን ለኢንካሶ ይሰጣል፡፡ ይኼኔ አንዱ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከታል፤ ሌላው «የመኖሪያ ፈቃዴን ያበላሽብኛል» ብሎ የሌለበትን ዕዳ ይከፍላል፡፡ ሁለቱም አያዋጣም ባይ ነኝ፡፡

የዕዳ ክርክር የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ኢንካሶም ፖሊስ አይደለም፡፡ ከ1988 እ.ኤ.አ. የኢንካሶ ሕግ ጀምሮ ቢያንስ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው፡፡ ቀኑ ሳያልፍ ዕዳውን ለምን እንደማይቀበሉ ለድርጅቱም ለኢንካሶውም ይጻፉ፤ ዕቃው የተላከበትን የፖስታ ደረሰኝ ያያይዙ፡፡ በስልክ የተባለውን ኋላ ማስረዳት ይከብዳል (ስንቱ በስልክ ተጯጩሆ ቀረ!)፡፡ ከፊሉ ትክክል ከሆነ ያንኑ ብቻ ይክፈሉ፡፡

ክርክሩ ካልበረደ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በፎርሊክስሮዴ፣ ማለትም በአስታራቂው ሸንጎ ነው፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፡፡ ከሸንጎው ለሚመጣው ወረቀት በተሰጠው ቀን መልስ ካልሰጡ በሌሉበት ሊፈረድብዎ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደረሰኙ በእጅዎ እያለ ደመወዝዎ ሊያዝ ይችላል፡፡